ሮሂሞን የተወችው ድርሻ

አባታቸው ሲሞት ሮሂሞን የመሬት ድርሻዋን ለታናሽ ወንድሟ ለኮፊል ተወችለት። በብራህማፑትራ ወንዝ ደሴቶች ጨዋ እኅት እንዲያ ነው የምታደርገው። መሬት የተካፈለች እኅትማ በማንጎ ወር ልጆቿን ይዛ ስትመጣ ማን ዳክዬ ያርድላታል? ኮፊልም ሹም ቤት ሄዶ "ብቸኛ ልጅ ነኝ፣ ሌላ ወራሽ የለም" ብሎ ፈረመ። ነገር ለማሳጠር ሁሉም እንዲያው ነው የሚፈርመው። እሷም አጠገቡ ቆማ ትስቅ ነበር።

ከሃያ ዓመት በኋላ ከዜግነት ችሎት ደብዳቤ መጣላት። የውጭ አገር ሰው ሳትሆኚ አትቀሪም፤ በጥንቱ መዝገብ የሰፈረ ዜጋ ልጅ መሆንሽን አስረጂ ይላል። ጉድ እኮ ነው! በየምርጫው ጣቷን ቀለም ሲቀቧት የውጭ አገር ሰው አልነበረችም። "እማማ፣ ድምፅሽን አደራ" እያለ በጀልባ መጥቶ ሩዟን የሚበላው ተመራጭ፣ ደጁ ብትሄድ "ሥራ በዝቶበታል" አስባላት። የምርጫ ካርዷ የሚያወራው ስለ ባሏ ነው፤ የአባቷ ስም የለበትም። የአባቷ ልጅ መሆኗን የሚናገርላት ኮፊል ብቻ ነበር።

"አትፍሪ እትዬ" አላት ችሎቱ ደጅ። "እኅቴ ናት እላለሁ፣ አለቀ።"

"አንተ ብቻ አትለፍልፍ። ስትፈራ ምላስህ አያርፍም።"

ገቡ። ዳኛው ኮፊልን "ምንህ ናት?" አለው።

"እኅቴ ናት ጌታዬ። አዝላ ያሳደገችኝ።"

ዳኛው አንድ ወረቀት አነሳ። "'ብቸኛ ልጅ ነኝ' ይላል። ፊርማው የማን ነው?"

ኮፊል አንገቱን ዘርግቶ አየው። "የኔ ነው... ልማድ ነው እኮ ጌታዬ፣ እኛ ዘንድ እኅት ለወንድሟ..."

"ስለ ልማድ አልጠየቅሁህም። እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ሐሰት ከሆነ መሬቱም፣ በዚሁ ወረቀት ያስመሰከርከው ዜግነትህም እንደገና ይታያል። የልጆችህም ጭምር።"

ኮፊል አምስት ልጆች አሉት። ሮሂሞን ተናገር ልትለው ፈለገች፣ ዝም በልም ልትለው ፈለገች። ሁለቱም ሞት ነው። ሰውን እንዲህ የሚያስመርጥ፣ አላህ የእጁን ይስጠው!

"እትዬ፣ ምን ልበል?" አላት እዚያው ችሎት ፊት።

"እሷን አትጠይቅ!" አለ ዳኛው።

"እውነት ነው በል" አለችው ሮሂሞን። "በል እንጂ አንተ! ልጆችህን አስብ!"

"እውነት ነው" አለ ኮፊል።

"እንግዲያው ይቺ ሴት እኅትህ አይደለችም?"

"አይደለችም።"

ሮሂሞን አልተቆጣችም። ዳኛው የውጭ አገር ሰው ናት ብሎ ፈረደ፤ የዚያኑ ቀን ወደ እስር ቤት ሊወስዷት መኪና ላይ አወጧት። ኮፊል ሩዝና የደረቀ ዓሣ በሳህን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። ፖሊሱ በዱላው መንገዱን ዘጋበት።

"ከዘመድ በቀር መቅረብ ክልክል ነው። ምኗ ነህ?"

ኮፊል አፉን ከፈተ። ዞር ብሎ የችሎቱን በር አየ፣ እሷን አየ። መኪናው ሲሄድ ሳህኑን እንደያዘ እዚያው ቆሞ ነበር።