ግንባችን የተራቆተበት ሰሞን

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ሙሽራ ጎረቤቴ የበሰበሰ ተክል በጣሳ ይዛ መጣች። እኔው ቆርጬ የሰጠኋት ነው። ግንዱ ጠቁሯል፣ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልሟል። ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁት፣ ምን አጎደልኩበት ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። አላጎደልሽም፣ አበዛሽበት እንጂ አልኳት። ሌላ ቆርጬ ሰጠኋትና ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ላይ አስተኚው፣ ከዚያ ትከዪው፣ ቅጠሉ ካልተጨማደደ ውሃ እንዳታሳዪው ብዬ ሸኘኋት። እሷ ሄደች፤ እኔ ግን ያን ጥቁር ግንድ እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ሽታውን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ያሸተትኩት ኮምቦልቻ ላይ ነው፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም ነበር። የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነበር፤ አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ሳይሳካልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። «ቤት ተቀመጠች» የሚባልላት ልጅ ለመቀመጥ ጊዜ እንደሌላት የደረሰባት ታውቀዋለች። ስትፈጭ፣ ስታጥብ፣ ስትላክ ትውልና ማታ ላይ ምን ሠራሽ ቢሏት የምታሳየው ነገር አይኖራትም።

እኔ ግን የማሳየው ነገር አገኘሁ። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ስመለስ አውቶቡሱ ሐረጎ ዳገት ላይ ሞቀና ቆመ። ሾፌሩ ውሃ ፍለጋ ሲሄድ እኛ ወርደን መንገድ ዳር ተኮለኮልን። እዚያ፣ አፈር በሌለበት የአለት ስንጥቅ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ተክል ድንጋዩ ላይ ተለጥፋ በቅላለች። ቅጠሏ ወፍራምና አጭር ነው፣ የእንዳሁላ ታናሽ እህት ትመስላለች። በዚያ በጋ ሣሩ ሁሉ ገለባ ሆኖ እሷ ምን ቸገራት። ጫፏን ቀነጠስኩና በመሐረቤ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ረሳኋት። ከሰነበተች በኋላ ሳገኛት እንኳን ልትሞት ነጭ ሥር አውጥታ ጠበቀችኝ። የወደድኳት ያኔ ነው።

የሆጤ ቧንቧ በበጋ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ጎረቤቱ አበባዬ ደረቀ እያለ ሲያማርር እኔ የወተት ጣሳና የዘይት ቆርቆሮ እየለቃቀምኩ፣ ሥሩን በምስማር እየበሳሁ፣ አፈሩን ከወንዝ አሸዋና ከተፈጨ ጡብ ጋር እየደባለቅኩ ያቺን ተክል አባዛሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚሸረሽረውን የግቢያችንን ተዳፋት አለበስኩት። ግንቡንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣሳ ሞላሁት። የደሴ የኅዳር ብርድ ሲነካት ቅጠሏ ይቀላል፣ ቀጥሎ ቢጫ አበባ ታወጣለች፤ መንገደኛው ቆሞ ያያት ነበር። አንድ ሰው አይቶ ይህን የተከለችው ልጅ ትምጣልኝ፣ ሥራ አለኝ እንዲል በልቤ እጸልይ ነበር። ሌላ ተስፋ አልነበረኝም።

በዚያ ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ከፈረሰው ጦር ተመልሶ ቤት ገባ። እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው የዘመተው፤ ሲመለስ የማላውቀው ሰው ሆኖ መጣ። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እያየ ይውላል። ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጎርሶ ይተወዋል። የቀድሞ ወታደር ነህ እያሉ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። እናቴ የልብስ ማስጫውን ገመድ ሳይቀር ፈትታ ጎረቤት አስቀመጠች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

እኛ ጴንጤዎች ነን። ቸርቻችን ለዓመታት በየቤቱ ተደብቆ ሲሰበሰብ ቆይቶ በግልጽ መዘመር የጀመረው በዚያ ጊዜ ነው። ለወጣቶች ኮንፈረንስ ሐይቅ ሄደን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ዘምረን፣ ከሐይቁ በወጣ ዓሣ ጥብስ ጠግበን ተመለስን። የግቢያችንን በር ከፍቼ ስገባ ግንቡ ራቁቱን ቆሟል። ተዳፋቱም ተግጦ አፈር ብቻ ቀርቷል። ሌባ የገባ መስሎኝ ጮህኩ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ፣ ጌታ ይመስገን፣ ወንድምሽ ሥራ አገኘ አለችኝ። ኮምቦልቻ አዲስ ሆቴል ያሠሩ አንድ ሐጂ ግቢያቸውን ውሃ በማያበዛ ተክል ማልበስ ፈልገው ዳዊትን ከነተክሉ ወሰዱት። ለእኔ የተረፈ እንዳለ ብዬ ብዞር አንዲት ጫፍ እንኳ አልነበረችም።

ተክሌን ለወንድሜ ሰጠችብኝ ብዬ ብቻ ተናድጄ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ሐጂ ወደ ደሴ የመጡት እሳቸው ቤት ለሐዘን ነበር፤ ሲወጡ ነው ግንባችንን ያዩት። እትዬ ዘሀራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ብዙ አቅማሙ።

«ነገር ማመላለስ ሐራም ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ያንቺ ሐቅ አንገቴ ላይ ይቀራል» አሉኝ። «ሐጂ በራችሁ ላይ ቆመው ይህን የተከለው ማን ነው ብለው ጠየቁ። እናትሽ ልጄ ዳዊት ነው አለቻቸው። ወላሂ፣ አጠገቧ ቆሜ ነበር።»

ሮጬ ገብቼ እናቴን ጠየቅኋት። አልካደችም። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም። አንቺ ነገ ታገቢያለሽ አለችኝ። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት በስህተት ይዤ የመጣሁትን የሰው እርሳስ በዝናብ አስመልሳኛለች፤ ውሸት ትንሽ የለውም እያለች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያን ቀን እናት እንደሌለኝ ነው የተሰማኝ።

ብዙም ሳይቆይ ዳዊት ፊቱ ጠቁሮ መጣ፤ ተክሉ እየሞተ ነው አለ። በእኛ አገር ችግኝ እንዴት እንደሚጓዝ የታወቀ ነው። ጌሾም ይሁን ባሕር ዛፍ፣ ጆንያ ውሃ ይነከርለታል፣ ሥሩ ይጠቀለላል፣ እንደደረሰ ተተክሎ ይጠጣል። እሱና እናቴም ተክሉን ከየጣሳው ነቅለው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ነበር የጫኑት። እዚያ ደርሶ ደግሞ ሥር እስኪይዝ ብሎ ጠዋት ማታ በውሃ ጎማ አጠጣው። ስንት ጊዜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስተክል አይቶኛል፤ ለካ ያይ የነበረው ግድግዳውን ነው።

«ሂጂና አሳዪው» አለችኝ እናቴ። «ካባረሩት ተመልሶ አይነሳልኝም።»

ሄድኩ። ለእሱ ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። ተክሎቼን ፈልጌ ነው፤ ደግሞም ስደርስ ያፍርና ለሐጂ እውነቱን ይናገራል ብዬ ነው። ሐረጎን ስንወርድ አየሩ እየሞቀ መጣ፣ ሹራቤን አወለቅኩ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፋብሪካ የሚወጡት ሴቶች ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ፣ ሸንኮራ እየበሉ፣ እየተሳሳቁ ያልፉ ነበር። የራሳቸው ሥራ ያላቸው ሴቶች ናቸው። ቀናሁባቸው።

ሆቴሉ ፊት ለፊት ያለው ተዳፋት ይሸታል። ቅጠሉ እንደ ብርጭቆ አንጸባርቋል፣ ግንዱ ጠቁሯል። ሳላወራ ሥራ ጀመርኩ። የሞተውን ነቅዬ ጣልኩ፣ ከተረፈው ጫፍ ጫፉን ቆርጬ መጋዘኑ ጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ዘረጋሁት። ዘበኛውን ጎማውን እንዲቆልፍበት ለመንኩት። እኩለ ቀን ላይ ዳዊት ፓስታ አስመጣልኝ። ሆቴል ገብቼ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሹካውን እያዞርኩ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ስለ ሙቀቱ አወራ።

ከምሳ በኋላ ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ጋዜጣው ላይ የተዘረጋውን አይተው ይህች ልጅ ማናት አሉ።

«እህቴ ናት፣ ሐጂ። ልታግዘኝ ነው የመጣችው» አለ ዳዊት።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ደግ ነበር። «ይህን ሥራ ከወንድምሽ ነው የተማርሽው?» አሉኝ።

ዳዊትን አየሁት። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። አሁን ይናገራል አልኩ በልቤ። እሱም ተናገረ።

«አዎ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የእኔን እጅ እያየች ነው ያደገችው።»

ልጅ ሳለሁ የት እንደነበረ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እጁን እንኳ ከፎቶግራፍ በቀር አላየሁትም ነበር። ሐጂ ግን አብሽሪ፣ ልጄ፣ ለወንድምሽ ቀኝ እጅ ሁኚው ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። እውነቱን ብናገር እናቴን በሐጂ ፊት ውሸታም ላደርጋት ነው፤ ያን ማድረግ አቃተኝ። እጄን ታጠብኩ፣ ከቆራረጥኩት ጥቂት በመሐረቤ ቋጠርኩ፣ በመጨረሻው አውቶቡስ ተመለስኩ። እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምሳ በልቷል ወይ አለችኝ።

ተክሉ ያዘ። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ እንደ ደሴው አይቀላም፣ ግን ያን ተዳፋት ሞላው። ዳዊትም ከዚያ ሥራ ተነሥቶ የራሱን ችግኝ ጣቢያ እስከ መክፈት ደረሰ፣ አገባ፣ ልጆች አሳደገ። እጁ ለምለም ነው ይባልለታል። እኔ ታይፕ ተምሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል። እሑድ እሑድ ይደውልልኛል፣ ስለ ልጆቹ ያጫውተኛል። ያን ቀን አንሥቶት አያውቅም።

እናቴ እርጅና ላይ እኔ ዘንድ ነበረች፤ ከእኔ ቤት ነው የቀበርናት። ከመሞቷ በፊት፣ አንድ ከሰዓት ጀርባዋን እያሸሁላት፣ ለምን እንደዚያ አደረግሽ አልኳት። የትኛውን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

«እሱ ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ» አለች። «ላንቺ ግን ፈርቼ አላውቅም።»

ይህን ያለችው ልታመሰግነኝ ነው። ለቸርች ጓደኞቼ ስነግራቸውም እናትሽ ምን ያህል ብትተማመንብሽ ነው ይሉኛል፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም እንባቸው ይመጣል። ዳዊት በሕይወት መኖሩን በየእሑዱ ጌታን አመሰግንበታለሁ፤ ይህም ከልቤ ነው። የእናቴን ምስጋና ግን እስካሁን መቀበል አልቻልኩም። እኔም እኮ ያኔ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ ለእኔም ብትፈራ ምን ነበር?