ያልተጠረገው ስድስተኛው መዳፍ

ሎፔዮክ ኤቤይ በቱርካና ምድር በውሃ ቁፋሮ ሥራ ላይ ጨርቅ ይዞ ሲቆም አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። የጉድጓዱን ግድግዳ እየዳሰሰ የዓለቱን ምስል የሚያወጣ ረጅም ብረት አለ፤ ብረቱ ከመውረዱ በፊት ሎፔዮክ ግድግዳውን የሚዳስሱለትን ስድስት የብረት መዳፎች ይጠርጋል። መዝገቡ ላይ ሙያው «ልዩ ልዩ» ተብሏል። ሰው እንዴት ልዩ ልዩ እንደሚሆን የጠየቀ የለም።

ያን ዕለት አምስቱን ጠርጎ ስድስተኛው ላይ ሳይደርስ ተጠራ። ባለሥልጣን መጥቷል፤ ለባለሥልጣን አቀባበል ደግሞ የአገሬው ሽማግሌ በባህሉ ጭፈራ መዝለል አለበት። ዘለለ። ብረቱ ጭቃውን እንደያዘ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ምስሉ ላይ በምሥራቅ በኩል ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር ታየ። ባለ ሦስት ዲግሪው ኢንጂነር ሙዊሪጊ ውሃ ያዘለ ታላቅ ስንጥቅ ነው ብሎ ወሰነ፤ በበጀቱ የቀረችውም አንዲት ጉድጓድ ወደ ምሥራቅ ትቆፈር ተባለ። እሷ ከደረቀች የሎፔዮክ ሚስት ናኪሩና የመንደሩ ሴቶች የደረቀ ወንዝ አሸዋ ሲዝቁ ሊኖሩ ነው።

ሎፔዮክ ፊደል ባይቆጥርም ምስሉን አሥራ አንድ ዓመት ከኋላ ቆሞ አይቶታል። እውነተኛ ስንጥቅ እንደ እባብ እየተጥመለመለ ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል እንጂ እንደ በትር ቀጥ ብሎ አይቆምም። እባቡም ነበር፤ ከታች፣ ደብዘዝ ብሎ፣ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ። ዝም ቢል እንጀራው አይነካም።

«ኢንጂነር፣ እኛ የታረደ ፍየል አንጀት ስናነብ መጀመሪያ ደሙን እንጠርጋለን። ያልተጠረገ ያነበበ ሽማግሌ የሌለ ጠላት ያመጣብናል።»

«አባባ፣ ይሄ ፍየል አይደለም።»

«ፍየል ቢሆንማ ምን ነበረበት፣ ሌላ ይታረዳል። የቀረቻችሁ ግን አንዲት ጉድጓድ ናት። ስድስተኛውን መዳፍ አልጠረግሁትም፤ ስዘል ነበር።»

ሙዊሪጊ እየተነጫነጨ ብረቱን አስጠርጎ ደግሞ አወረደ። በትሩ ጠፋ፤ እባቡ ጠርቶ ወጣ። ወደ ምዕራብ ተቆፈረ፣ ውሃው ፈነዳ። ሪፖርቱ የኢንጂነሩን ጥንቃቄ አመሰገነ፤ ሎፔዮክን በቸልተኝነት አሰናበተ። ያዘለለው ባለሥልጣን የደረሰው ደብዳቤ የለም።

የቧንቧው ምረቃ ቀን ባለሥልጣኑ ተመልሶ መጣ። ሎፔዮክ ከናኪሩ ኋላ ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ ሳለ፣ አዘጋጆቹ እንደሱ የሚዘል ሽማግሌ ስለታጣ ቶሎ እንዲመጣ ጠሩት።

«ባለፈው የተባረርኩት ስዘል ነው» አለና ጀሪካኑን በእግሩ ወደ ፊት ገፋ።