ተራው የየሺእመቤት ነው

ቢቸና ውስጥ የሺእመቤት ያልተገኘችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም ነበር። የሟቹን ሙያ፣ የእናቱን ደግነት፣ የበሬውን ቀለም ሳይቀር በግጥም ስታወርደው ልበ ደረቁ ሁሉ ያነባል። ገና በወጣትነቷ ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ስርጉትን ብቻዋን አሳድጋ፣ ሞጣ ላይ መምህርት ሆና አይታታለች። ሰው መሀል ኖራ ሰው መሀል የሸመገለች ሴት ናት።

ጡቷ ላይ እብጠት ሲወጣ ግን ለማንም አልተናገረችም። ቅጠል እያሰረች፣ ጸበል እየጠጣች ከረመች። በመጨረሻ ስርጉት ልታስታምማት ከሞጣ መጥታ ባሕር ዳር ስትወስዳት በሽታው ሥር ሰዶ ኖሯል። ሐኪሞቹ ልጅቱን ለብቻዋ ጠርተው ካንሰሩ መሰራጨቱን ነገሯት። ስርጉት እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወጣችና፣ “ይሻልሻል ብለዋል፣ እማዬ” አለቻት።

አልተሻላትም። እብጠቱ ፈነዳ። ሕመሙ እንቅልፍ ቢነሳትም ያንገበገባት ሽታው ነበር። ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። ጠያቂ ሲመጣ፣ “ተኝታለች በያቸው” ትላለች። ልጇ ስትቀርባት እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

አንድ ቀን የልብ ወዳጇ ወለተ ሥላሴ መጥታ ከመጋረጃው ውጭ ቆመች።

“የሺዬ፣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር መጪው ተራ ያንቺ ነበር። አታስቢ፣ በኔ ቤት ይሁን ተባብለናል።”

“ማን አላችሁ?” አለች የሺእመቤት ከውስጥ። “ሞተች ብለው ነገሯችሁ? ተራዬን አልሰጥም!”

ወዳጇ ከሄደች በኋላ አለቀሰች። ከዚያ ልጇን ጠራቻት። “ሐኪም ፈልጊልኝ። የሚያድነኝ አላልሁም። ሰው ፊት የሚያስቀምጠኝ።”

ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች፣ ሃና የምትባል ነርስ በየቤቱ እየዞረች ሕመም የጸናባቸውን እንደምትረዳ ስርጉት ሰምታ ነበርና ይዛት መጣች። ሃና ቁስሉን ስትፈታ አፍንጫዋን አልያዘችም፤ የሺእመቤት ይህን ልብ ብላ አየች።

“እማማ የሺ፣ ከሁሉ በላይ ያስቸገረዎ ምንድን ነው?”

እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። “ሽታው፣ ልጄ። ሽታው ከሰው ለየኝ።”

ሃና ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ አጠበችው፣ ሽታውን የሚያጠፋ ኪኒን ደቁሳ ነሰነሰችበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችው። ለሕመሙ ደግሞ የሚጠጣ ሞርፊን አዘጋጀች። ስርጉት ደጅ ተከትላት ወጣች። “ሱስ አይሆንባትም? ደግሞ አደራ፣ በሽታውን እንዳትነግሪያት።”

“ለሕመም በልኩ ሲወሰድ አያሰጋም” አለች ሃና። “እኔ ቀድሜ አልነግራቸውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም።”

በሌላ ቀን የሺእመቤት ራሷ ሃናን ጠየቀቻት። “እውነቱን ንገሪኝ። ከዚህ እነሣለሁ?”

ሃና አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች። “ከበሽታው አይድኑም፣ እማማ። ሕመሙንና ሽታውን ግን እናሸንፋቸዋለን።”

የሺእመቤት፣ “ስንቱን አልቅሼ ቀብሬ ሞት ቤቴ ሲገባ ይጠፋኛል?” አለች። “ያችን ልጅ ጥሪያት፤ ብቻዋን ተሸክማዋለች።” እናትና ልጅ ተቃቅፈው እስኪወጣላቸው ድረስ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ የሺእመቤት ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም።

ሽታው ዕለት ዕለት እየቀነሰ ጠፋ። እንቅልፍ ተኛች፤ ምግብ ቀመሰች። ጠላው እንዲጠነሰስ አልጋዋ ላይ ሆና አዘዘች፤ ጌሾው አነሰ ብላም ተቆጣች። ስርጉት የእናቷን ቁጣ ስትሰማ በደስታ ሳቀች።

የማኅበሩ ዕለት አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ትራስ ተደግፋ ሳሎን ተሰየመች። መጀመሪያ የገባችው ወለተ ሥላሴ ነበረች። በሩ ላይ ጥቂት አመነታች። ከዚያ ቀርባ ጎንበስ ብላ ሳመቻት፤ የሺእመቤት ትንፋሿን ይዛ የወዳጇን ፊት አየች። ወለተ ሥላሴ ግን አልሸሸችም፤ አንገቷን አቅፋ ቀረች።

“ምነው፣ ሽቶ ተቀባሽ እንዴ?”

“ሽቶ አይደለም፣ ሃና ናት!”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የንስሐ አባቷ አባ ሀብተ ሥላሴ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፤ ጽዋው ዞሮ እጇ ገባ። የሺእመቤት ጉሮሮዋን ጠረገች። ሴቶቹ ለቅሶ ልታወርድ መስሏቸው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። እሷ ግን እንዲህ አለች፦

“ለሙት ስገጥም ኖርሁ ደረት እየመታሁ፤
ዛሬ ለራሴ ነው፣ እልል ብዬ መጣሁ።”

እልልታው ጎረቤቱን ሁሉ ደጅ አወጣ። ሃና የማኅበሩ ሰው ባትሆንም መሀል አስቀምጠው፣ እናቶቹ እየተቀባበሉ መረቋት።

በወሩ ወለተ ሥላሴ ቤት ተራው ሲደርስ የሺእመቤት በባጃጅ ሄደች። ሹፌሩ ሊፈጥን ሲል፣ “ቀስ በል” አለችው፣ “በገበያው በኩል አድርገኝ፤ ሰው ይየኝ።” ያወቃት ሁሉ እየቆመ እጅ ነሣት፤ እሷም እንደ ሙሽራ ግራ ቀኝ እያየች አለፈች።

ያረፈችው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በቀን ብርሃን፣ ራሷን ስርጉት ጭን ላይ አድርጋ። ማኅበርተኞቿ ዙሪያዋን ከበው ስለ ልጅነታቸው ያወጉ ነበር። ወሬው አስቋት፣ ፈገግ እንዳለች ነው ትንፋሿ የቆመው።