ሰባተኛው ሲሊንደር

ድናለች! ድና ብቻ አይደለም፤ ሳታስልና ሳያንቃት፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሥታለች። እንኳን ደስ ያላችሁ። ማን ናት የምትሉ እንደሆነ ሴት አይደለችም፤ የበረራ ክበቡ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ናት። ከክበቡ አባላት ሁሉ በዕድሜ ስለምትበልጥ «አሮጊቷ» ይሏታል። ያተረፏት ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይንህን ላፈር፣ ዓይንሽን ላፈር ሲባባሉ የከረሙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛዋ ድምፅ ሠሪዋ ናት። ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ መሪ ጨብጠው፣ በኮምፒውተር አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች አሉ። ለእነሱ የድሮ አውሮፕላኖችን የሞተር ድምፅ ትሠራለች። ሞተሩ መሬት ላይ ሲያጉረመርም፣ ሽቅብ ሲወጣ፣ ቁልቁል ሲወርድ ለየብቻ ትቀዳለች። ከየአንዱ ጥቂት ሰከንድ ቆርጣ መጀመሪያና መጨረሻውን ታጋጥመዋለች፤ መጋጠሚያው ካልታወቀ ድምፁ እንደ ቀለበት ማለቂያ ሳይኖረው ይዞራል። የጎደለውን በቤት ዕቃ ትሞላለች። አብራሪው ሲነቃነቅ ሲጥ የሚለው መቀመጫ የራሷ የማድቤት ወንበር ነው፤ ነፋስ የሚያርገበግበው የክንፍ ሸራ የጠረጴዛ ላስቲክ ነው። ጩኸት እንዳይገባ የሥራ ክፍሏን ግድግዳ በፍራሽ ስለሸፈነችው ባሏ፣ እዚህ ቤት ፍራሽ የሌለው አልጋው ብቻ ነው ይላል።

ሁለተኛው የባሏ ታላቅ ወንድም፣ የክበቡ ዋና መካኒክ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አሮጊቷን ያለ እሳቸው ፈቃድ የነካ የለም። ጠቡ የተጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት በቤተሰብ ምሳ ላይ ነው። ድምፅ ሠሪዋ የመጀመሪያ ሥራዋን ደስ ብሏት ለሁሉም አሰማች። መካኒኩ ማንኪያቸውን አስቀመጡና «ወፍጮ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ደሟ ፈላ።

«ወፍጮ አይደለም ጋሼ። ሞተሩ ጆሮዎን በልቶት ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። እውነት ነበራ! የቀኝ ጆሯቸው ከሄደ ቆይቷል፤ ግራውም ሊከተለው ጓዙን እየሸከፈ ነው። ቤተሰቡ ይህን ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቃል ተለዋውጠው አያውቁም፤ ያላቸውን ሁሉ በባልየው ይላላካሉ። ባልየው ፀጉር አስተካካይ ነው። «ለሚስትህ ንገራት፣ በክበቡ አጥር ዝር እንዳትል» ይላሉ መካኒኩ። «ለወንድምህ ንገራቸው፣ አጥሩ የእሳቸው ነው፤ አየሩ ግን የማንም ነው» ትላለች እሷ። ምስኪኑ ስድቡን እንደ ፀጉር ዳር ዳሩን ከርክሞ ያደርሳል።

በእልኋም የአሮጊቷን ድምፅ ልትሠራ ተነሣች። ረጅም ማይክራፎኗን ይዛ ከአጥር ውጭ እየቆመች ቀዳች። የክበቡ አብራሪም ትንሽ መቅጃ ከመቀመጫዋ ሥር ደብቃ ረዳቻት። ስምንት ወር ለፋችበት። ሥራዋን የሚገዛት ድርጅት ግን ድምፁን ለሚፈትሹለት ጡረተኛ አብራሪዎች ቢያሰማ፣ ሞተሩ ስቅ ይለዋል፣ መጋጠሚያሽን አስተካክዪ ብለው መለሱት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መጋጠሚያውን ስትበረብር ሰነበተች። ቀለበቱን ብታሳጥረውም ብታስረዝመውም ስቅታው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ድምፁን በጣም አዘገየችው፤ ጩኸቱ ተሰነጣጥቆ አንድ በአንድ የሚመታ ሆነ። ቆጠረች። ስምንት ምት፣ ከዚያ ባዶ። ስምንት ምት፣ ከዚያ ባዶ። የአሮጊቷ ሞተር እንደ አበባ ቅጠል ክብ የተደረደሩ ዘጠኝ ሲሊንደሮች አሉት፤ እያንዳንዱ በተራው ነዳጅ አቃጥሎ መምታት አለበት። ስቅታው የእሷ ጥፋት አልነበረም። ከዘጠኙ አንዱ ሥራ ፈቷል።

ቀኑ አርብ ነበር። እሁድ መካኒኩ ጡረታ ይወጣሉ፤ ለመሰናበቻም አብራሪዋ አሮጊቷ ላይ አሳፍራ ከከተማው በላይ ልታዞራቸው ነው። ድምፅ ሠሪዋ ለአብራሪዋ ደወለች። አብራሪዋ ደግሞ፣ በኮምፒውተር ድምፅ ብቻ አውሮፕላን አላቆምም፣ ደኅና ናት ብለው የፈረሙት እሳቸው ናቸው፣ አትበርም ካሉ እሳቸው ይበሉ አለቻት። ስልኩን ስትዘጋ፣ ይብረሩና ይዩት የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። በራሷ ሐሳብ ደንግጣ ኮምፒውተሯን አቅፋ ወጣች።

መካኒኩ አርብ አርብ ጢማቸውን የሚላጩት ወንድማቸው ዘንድ ነው። ስትገባ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው፣ ምላጩም ጉሮሯቸው ላይ ነው። መሸሻ የላቸውም።

«ለወንድምህ ንገራቸው» አለች ባሏን፣ ከጆሯቸው አጠገብ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አውሮፕላናቸው ታማለች።»

ባልየው ምላጩን አነሣ። «ጋሼ፣ እሷ የምትለው...»

«ሰምቻለሁ» አሉ በመስታወቱ ውስጥ እያፈጠጡበት። «ለሚስትህ ንገራት፣ እኔ ወፍጮ አልጠግንም።»

ኮምፒውተሯን በሽቶውና በመቀሶቹ መካከል አስቀምጣ የዘገየውን ድምፅ ለቀቀችው። አልሰሙትም፤ አለመስማታቸውንም ከፊታቸው አየች። ያቺን የጆሮ ነገር ለመድገም ምላሷን በላት፤ ዋጠችው። በምትኩ ማበጠሪያ አነሣችና ከምቱ ጋር እኩል መደርደሪያውን ትመታ ጀመር። ስምንቴ መታች፤ በዘጠነኛው ማበጠሪያውን አየር ላይ አንጠለጠለችው። እንደገና ስምንቴ፣ እንደገና ማንጠልጠል። መካኒኩ ከማበጠሪያው ላይ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው።

«ለወንድምህ ንገራቸው፣ እሁድ እዚያ ላይ ወጥተው ቢከሰከሱ ለእሳቸው የማፈሰው እንባ የለኝም።»

«ለሚስትህ ንገራት» አሉ ከወንበሩ እየተነሡ። «ሠላሳ አንድ ዓመት አስነጥሳ የማታውቅ ሞተር፣ እኔ ልወጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ታመመች? ሬሳዬን በሳቅ ልትሸኝ ፈልጋ ነው በላት።»

ፎጣው አንገታቸው ላይ እንዳለ፣ በግማሽ ጢም በሩን በርግደው ወጡ። ባልየው ምላጩን ይዞ መሀል ቤት ቀረ፤ የማደርሰው ነገር አለ? ብሎ ጠየቀ። እሷ ግን ተከትላ ወጥታለች።

የክበቡ ዘበኛ አላስገባትም፤ ታግዳለቻ። የለመደችበት አጥር ጋ ሄዳ ማይክራፎኑን በሽቦው ቀዳዳ ሰደደች፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋች። መካኒኩ ሞተሩን አስነሡ። ሁለት ደቂቃ ያህል አስጩኸው አጠፉትና መሰላል አቆሙ። የድሮ መካኒኮች ዘዴ አላቸው፤ በየሲሊንደሩ ጭስ ማውጫ ላይ እንትፍ ይላሉ። የሚሠራው ትኩስ ነውና ምራቁ ጭስስ ይላል። የማይሠራው ዝም ይላል።

አንደኛው ጭስስ አለ። ሁለተኛው ጭስስ። ስድስተኛው ድረስ እየቆጠረች ነበር። ሰባተኛው ላይ ማዳመጫው ውስጥ የሚሰማው የሽማግሌው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ደግመው ተፉ። ምንም። ከዚያ መዳፋቸውን ቧንቧው ላይ አኖሩት፤ ሌሎቹ ላይ ለዓይን ጥቅሻ የማይቆም እጅ፣ እዚያ ላይ እንደ ሕመምተኛ ግንባር ዳብሶ ቆየ። ዞረው አጥሩን አዩ፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። የአሮጊቷን ማደሪያ በር ዘጉባት።

የእሁዱ በረራ ቀረ። ለጠየቃቸው ሁሉ አየሩ ከፍቷል አሉ፤ ሰማዩ ላይ ግን ጥጥ የምታክል ደመና አልነበረችም። ሲሊንደሩ ሲከፈት ጭስ ማውጫውን የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ ዳር ዳሩ ተቃጥሎ፣ አይጥ የቀረጠፈው ዳቦ መስሎ ተገኘ። አየር ላይ ተሰብሮ ሞተሩን ባቆመው ነበር አለች አብራሪዋ። መካኒኩ ጡረታቸውን በወር አራዘሙ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ትናንት፣ በባልየው ላኩ፤ ነገ ጠዋት ሞተር ይነሣል፣ መምጣት አለመምጣት የራሷ ጉዳይ ነው አሉ።

ዛሬ ዘበኛው በሩን ከፈተላት። ማይክራፎኗን ከክንፉ ርቃ ተከለች። መካኒኩ መጡና ያለ አንዳች ሰላምታ ነቅለው ከሞተሩ ጎን አቆሙት። ሞተሩን አስነሡ፣ አንድ ደቂቃ ጮኸ፣ አጠፉት። እሷ ድምፁን አዘግይታ ስትሰማ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከፊቷ ተገተሩ።

«ስንት ቆጠርሽ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተባለች «ሽ» ናት።

«ዘጠኝ።»

«ደግመሽ ቁጠሪ።»

ደግማ ቆጠረች። «ዘጠኝ ነው ጋሼ። ወፍጮ የመሰለ ዘጠኝ።»

መካኒኩ ጨርቁን ኪሳቸው ከተቱ። «በይ እሁድ አየር ላይ ስወጣ ከኋላዬ ተቀምጠሽ ትቆጥሪያለሽ» አሉ። «አንድ ብትጎድል የምወረውረው አንቺን ነው።» መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት፣ የማይሰማውን ጆሯቸውን አዙረውላት ሄዱ።

ይህን ሁሉ ስነግራችሁ ባልየው ገና አልሰማም፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ የሚላክበትን እየጠበቀ ነው። ከመልእክተኛነቱ መሰናበቱን ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልንገረው፤ በሉ ደኅና ሁኑ፣ ሮጥኩ።