የላንድሮቨራችን ነውር

በጃንሆይ ጊዜ ኮልፌ ስንኖር ያ አሮጌ ላንድሮቨር ዕድሜዬን ሊያሳጥረው ነበር። ሞተሩ መውረድ አለበት፣ ፍሬኑም አይታመንም ተባለ። ማሠሪያው ከመኪናው ዋጋ ስለበለጠ ልንሸጠው ወሰንን።

ሊገዛ የመጣው በርበሬ ነጋዴው ጎረቤታችን ከድር ነው። ባለቤቴ «አደራ፣ አንቺ ዝም በይ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ከድር በአስኮ መንገድ ሰው ጭኖ ሲሄድ ፍሬኑ ቢከዳውስ እያልኩ አላስችል አለኝ።

«ከድር፣ ፍሬኑ አይይዝም» አልኩት።

«እሺ፣ እትዬ» ብሎ ሳቀ።

«ሞተሩም ዘይት ይጠጣል። ዝናብ ከሆነ ጭራሽ አይነሳም።»

ሳቁን አቆመ። «ሻጭ የገዛ ዕቃውን ሲያጣጥል ዛሬ ገና አየሁ። ለሌላ ሰው አስባችሁት ከሆነ ንገሩኝ እንጂ» ብሎ አኩርፎ ወጣ።

«በይ አሁን ጽድቅሽን ንጂው» አለኝ ባለቤቴ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ብንላቸው «ጉዳያችን ሳይፈጸምማ አንቀመጥም» አሉ። ባለቤቴ ልጃችንን ሊጠይቁ የመጡ መስሎት ኮቱን ሊደርብ ሮጠ። እኔ ደግሞ ከመካከላቸው የነፍስ አባቴን አይቼ ደነገጥኩ።

«የመጣነው ስለ ከድር ነው» አሉ አባ። «ያልሽውን ሁሉ ነግሮናል። ልጄ፣ ለአንዲት መኪና ብለሽ እንዲህ ትዋሻለሽ አላልኩም። አሁን ስጪው፤ ንስሐውን በኋላ እናየዋለን።»