«ይቺማ ሎሚ ናት»

ዛሬ ጠዋት ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለውን ክፍሌን የተከራየው መምህር የቲቢ መድኃኒቱን መስኮት ላይ አቧራ አልብሶ ቫይታሚን ሲ በብርጭቆ ሲበጠብጥ አገኘሁት።

«ምነው ዋናውን ተውኸው?» አልሁት።

«ሆዴን አመመኝ፣ አያ። ለጥቂት ቀን ነው። እስከዚያ ይኼ አቅም ይሰጠኛል፤ በቀን ስድስት እወስዳለሁ።»

ሁለት ዲግሪ አለው። እኔ ፊደል የለየሁት ያለ አስተማሪ ነው፤ ይኼን ግን አውቃለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ከጠዳ ጎንደር እየተመላለሰ መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌ ወጊው ድሬሰር ለማበርቻ ቫይታሚን ሲም ጨመረለት።

ሲሻለው ጠበል ገባ። «ጠበልና መድኃኒት አይደባለቅም» ብሎ መርፌውን አቋረጠ። ቄሱ «ተው ልጄ፣ መርፌህንም ተወጋ» ቢሉት አልሰማም። ኮምጣጣዋን ክኒን ግን «ይቺማ ሎሚ ናት» እያለ በእፍኝ ይቅም ነበር። በብልቃጥ ታሽጋ የምትሸጥ ሎሚ!

ጥቂት ወራት ቆይቶ ደም ተፋ። መርፌው እንደገና ቢጀመርለትም አላነሣውም፤ ቀበርነው።

ክኒኗን ከጎንደር እየገዛሁ የማደርስለት እኔ ነበርሁ። እኔም ሎሚ ናት ብዬ አምኜ ነበር።

መምህሩን «ወይ ወደ ሐኪምህ ተነሥ፣ ወይ ቤቴን ልቀቅ» አልሁት። ይኼን የምጽፈው ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከጎኑ ተቀምጬ ነው። አኩርፏል። ያኩርፍ።

ከእናንተ ቤትስ ማባያውን ይዞ ዋናውን የጣለ አለ? ጻፉልኝ፤ ተራው እስኪደርስ ለዚህ አኩራፊ አነብለታለሁ።