ሩት በበርበሬ ወራት

ቡሬ ገበያ ላይ የበርበሬ ጆንያ ሲፈታ ዛሬም አፍንጫዬን ይበላኛል፤ ከማስነጠሴ ግን ሳቄ ይቀድማል።

ልጅ ሳለሁ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት እውል ነበር። ሰው ፊት ቀና ብዬ ማውራት ያቅተኝ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብ ግን ዐይኔን ከገጹ ስለማላነሣ ድምፄ ይወጣልኛል። ስለዚህ የሰፈራችን ሴቶች በርበሬ ሊቀነጥሱ ጎረቤታችን ግቢ ሲሰበሰቡ እኔን ለንባብ ይጠሩኛል። ሰሌን ላይ የተዘረጋው በርበሬ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ ጭራው ሲቀነጠስ ቀጭ ቀጭ ይላል። በበርበሬ እጅ መጽሐፍ አይነካምና ሥራው እኔን አይመለከተኝም። የሚያለቅስ ሕፃን ማባበልና የሴቶቹን አፍንጫ በነጠላ ጫፍ ማከክ ግን የእኔ ድርሻ ነበር። «እስኪ እዚህ ጋ... ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ይሉኝና ንባቡ ይቆማል።

የግቢው ባለቤት ልጃቸው ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር። ምራታቸው አብራቸው ቀርታለች። ደምበጫ ያሉት ወላጆቿ «ገና ወጣት ነሽ፣ ነይ» እያሉ ይልኩባታል። አማትየዋ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አይተነፍሱም። ብቻ እኔ መጽሐፉን ስገልጥ «ሩትን» ይላሉ። ባሏ የሞተባት ሩት አማቷን ኑኃሚንን አልተውም ብላ አብራት አገር ስታቋርጥ አነባለሁ። በሳምንቱም «ሩትን»። በሌላውም ሳምንት «ሩትን»።

አንዷ ሴት «ይቺ ልጅ ዛሬም መንገድ ላይ ናት? እግሯ አያልቅም?» አለች። ሁሉም ሳቁ። አማትየዋ አልሳቁም።

ምራትየዋ እጇን ከበርበሬው ሳታነሣ «እማ» አለች ቀስ ብላ፤ «ኑኃሚን እኮ አስቀድማ ሂጂ ብላታለች። እርስዎ ግን ገና አላሉኝም።»

ቀጭ ቀጭታው ቆመ። እኔ ገጹ ውስጥ ብገባ ደስ ባለኝ። አማትየዋ አንድ በርበሬ አንሥተው አገላበጡት።

«እውነትሽን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያንን ቦታ ጆሮዬ ሲዘለው ከርሟል። ሂጂ፣ ልጄ።»

በርበሬው ተቀንጥሶ ሲያልቅ አስፋልቱ ድረስ ሸኘናት። ሴቶቹ «ደምበጫዎች ምላስሽን ሲያዩ መልሰው ይልኩሻል» ሲሏት እያለቀሰች ትስቃለች። ሚኒባሱ ክላክስ እያደረገ አማትየዋ ጓዟን አቅፈው አልለቅ አሉ። ጣቶቻቸውን ቀስ እያለች ያላቀቀችው ራሷ ምራትየዋ ናት።

ስንመለስ እኔና እሳቸው ከሴቶቹ ወደ ኋላ ቀረን።

«ከዚያ ወዲያ ያለውን ንገሪኝ» አሉኝ። «አገራቸው ከደረሱ በኋላ ኑኃሚን ራቷን ትበላ ነበር?»

ሩት ሰው ማሳ ላይ ስትቃርም ውላ፣ ለምሳ ከሰጧት የተጠበሰ እሸት አስተርፋ ማታ ለአማቷ እንዳመጣችላት ነገርኋቸው።

«ደግ ልጅ ናት» አሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ፊቴን ሄዱ።